የጥንዚዛውን ስም የተዋሰው ሠዓሊ

ኦሳሙሺ በጃፓን ጫካና በማሳ ዳርቻ የሚኖር ጥንዚዛ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ መብረር አይችሉም፤ ሌሊት መሬት ለመሬት እየሮጡ ትልና ቀንድ አውጣ ያድናሉ። ለገበሬ ጠላት ሳይሆን ወዳጅ ከሚባሉት ነፍሳት ወገን ናቸው። በታካራዙካ ከተማ ያደገ አንድ ታዳጊ የዚህን ጥንዚዛ ስም በመጽሐፍ ላይ ባገኘ ጊዜ ከራሱ ስም ጋር መመሳሰሉ እጅግ አስደሰተው። ስሙ ኦሳሙ ነበርና በመጨረሻው ላይ ነፍሳት የሚል ትርጉም ያለውን የጃፓን ፊደል ጨመረበት። ኦሳሙ ቴዙካ በጃፓን የሥዕል ታሪክ መጻሕፍት፣ በአገሬው አጠራር በማንጋ፣ ዝናው የናኘው በዚህ የብዕር ስም ነው።

ቴዙካ የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኅዳር 3 ቀን 1928 በኦሳካ ግዛት በምትገኘው ቶዮናካ ነው። አምስት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ወደ ታካራዙካ ተዛወረ። ሰውነቱ ደቃቃ፣ ጸጉሩ ጥቅልል፣ ዓይኑም መነጽር የለመደ ስለነበር የትምህርት ቤት ጓደኞቹ መቀለጃ አደረጉት። መጠጊያው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ከቤቱ በስተኋላ ያለው የነፍሳት መንደር የሆነ ኮረብታ ሲሆን ሁለተኛው የአባቱ የማንጋ መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ ነው። እናቱ የየገጸ ባሕርያቱን ድምፅ እየለዋወጠች ታነብለት ነበር።

የያዛቸውን ጥንዚዛዎች በደብተር ላይ ሲሥል እግራቸውን፣ ቀንዳቸውንና የክንፋቸውን ንጣፍ አንድ በአንድ እየቆጠረ ነው። ቀይ ቀለም ባጣ ጊዜ የራሱን ደም እንደተጠቀመ ይነገራል። ነገሩ የልጅ ጅልነት ሊመስል ይችላል፤ ደብተሮቹን ያየ ሰው ግን ያ ልጅ የጥንዚዛውን ቀለም ከማዛባት ጣቱን መውጋት እንደቀለለው አይጠራጠርም።

ጦርነቱ ሲበረታ ተማሪዎች ወደ ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተላኩ፤ ቴዙካም አብሯቸው ሄደ። በ1944 ሁለት ክንዶቹ በቆዳ ሕመም ክፉኛ ቆስለው ሊቆረጡ ደርሰው ነበር። አንድ ሐኪም አዳነለት፤ ሐኪም የመሆን ምኞትም በዚያው በውስጡ አደረ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ወር በፋብሪካው የጥበቃ ማማ ላይ ተረኛ ሳለ የአሜሪካ አውሮፕላኖች ኦሳካን በቦምብ አጋዩ። እርሱ ተረፈ። ከማማው ወርዶ በዮዶ ወንዝ ዳር ሲጓዝ ያያቸው ሙታን ከዓይኑ ሳይጠፉ ኖረዋል። ነሐሴ 15 ቀን ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ለወራት በጨለማ የኖረችው ከተማ በምሽት መብራቷን ስታበራ፣ በሕይወት መኖሩን ያመነው ያኔ እንደነበር በኋላ ዘመኑ ደጋግሞ ተርኳል።

በኦሳካ የሕክምና ትምህርቱን ጀመረ፤ በጎን ደግሞ ይሥላል። በ1946 መጀመሪያ የመጀመሪያ ሥራው በሕጻናት ጋዜጣ ላይ ወጣ። በዓመቱ «አዲሱ የሀብት ደሴት» የተሰኘው መጽሐፉ ታተመ። በርካሽ ወረቀት የተጠረዘው ይህ መጽሐፍ በብዙ መቶ ሺህ ቅጂ እንደተሸጠ ይነገራል። አዲስ ነገሩ ታሪኩ አልነበረም። ከዚያ በፊት በብዙዎቹ ማንጋዎች ሠዓሊው ገጸ ባሕርያቱን እንደ ቲያትር መድረክ ከፊት ለፊት ብቻ ያሳይ ነበር። ቴዙካ እንደ ፊልም ካሜራ ከሩቅ ያይና ይቀርባል። ብዙ ታዳጊዎች ያን መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ ሠዓሊ ለመሆን ወሰኑ።

ምርጫው ግን ቀላል አልነበረም። ሐኪም የተከበረ ሙያና አስተማማኝ እንጀራ አለው፤ ማንጋ በዚያ ዘመን የመንገድ ዳር ሸቀጥ ነው። ምክር የጠየቃት እናቱ የትኛውን አብልጦ እንደሚወድ መልሳ ጠየቀችው፤ ማንጋ መሆኑን ሲነግራት የወደደውን እንዲይዝ መከረችው። ያም ሆኖ ትምህርቱን አልተወም፤ ፈተናውን አልፎ የሐኪምነት ፈቃድ አገኘ። በ1961 ደግሞ በናራ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ተቀበለ። የምርምሩ ርዕስ በጃፓን የሩዝ ማሳዎች ውኃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ የዘር ሕዋስ ነበር፤ ዓይኑ ከትንንሽ ፍጥረታት እንዳልተነቀለ ይህም ይመሰክራል።

በ1950 «የጫካው ንጉሠ ነገሥት»፣ በ1952 ደግሞ ልጅ መሳዩ ሮቦት «ኃያሉ አቶም» በመጽሔቶች ላይ በተከታታይ መውጣት ጀመሩ። በዚያው ሰሞን ወላጆችና መምህራን ማንጋ ልጆችን ያበላሻል ብለው ተነሡ፤ መጻሕፍት ተሰብስበው የተቃጠሉበት ጊዜም ነበር። ቴዙካም ከተወገዙት መካከል አንዱ ነው።

እርሱ ግን በአንድ እጁ እየሣለ በሌላው ተተኪ ያፈራ ነበር። «ማንጋ ሾነን» በተባለው የልጆች መጽሔት የሥዕል ትረካ አሠራርን የሚያስተምር አምድ ነበረው። መጽሔቱ አንባቢዎች የሚልኩትን ሥራ እየመረመረ መልካም መልካሙን ያትማል። ይህ ገጽ ለገጠር ልጆች ወደ ትልቁ ዓለም የተከፈተ በር ሆነ። ከሰሜን ጃፓን የሚያጊ ግዛት ሥራውን ይልክ የነበረው ሾታሮ ኢሺኖሞሪ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ከቴዙካ ቴሌግራም ደረሰው፤ «ኃያሉ አቶም»ን በመሣል እንዲያግዘው ይጠይቃል። ሁለት ሆነው ፉጂኮ ፉጂዮ በሚል አንድ ስም ለሚሠሩ ወጣቶች ደግሞ ቴዙካ ቶኪዋሶ ከተባለው የኪራይ ቤት ሲለቅ ክፍሉን ከነመያዣ ገንዘቡ ተወላቸው። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ በኋላ «ዶራኤሞን»ን ፈጠረ።

ደግነቱ ይህን ያህል ነበር፤ ቅናቱም የዚያን ያህል። ቴዙካ አዲስ የወጣ ማንጋ አይተርፈውም፤ ያነባል፣ ይመዝናል፤ የሌላው ሥራ ከበለጠ ደግሞ እንቅልፍ ያጣል። በ1967 «ኮም» የተባለ መጽሔት ሲያቋቁም ዓላማው ገበያ የማይደፍራቸው አዳዲስ ሥራዎች የሚታዩበትና ጀማሪዎች የሚፈተሹበት መድረክ ማበጀት ነበር። ኢሺኖሞሪ በዚያ ላይ «ጁን» የተሰኘ ሥራውን አወጣ። ንግግር የለበትም ለማለት ይቻላል፤ ሥዕል ብቻውን እንደ ቅኔ ይሄዳል። አንባቢዎች ተገረሙ። ቴዙካ ግን ለአንድ አንባቢ በጻፈው ደብዳቤ ያ ሥራ ማንጋ እንዳልሆነ ገለጸ።

ደብዳቤው ዞሮ ዞሮ ኢሺኖሞሪ እጅ ገባ። በልጅነቱ ቴሌግራም ልኮ ያስጠራው፣ ብዕር አያያዝ ያሳየው ሰው ሥራውን ከቁጥር አወጣበት ማለት ነው። ከባዕድ አፍ ቢወጣ ኖሮ ምናልባት ሰምቶ ያልፈው ነበር። ወጣቱ ሠዓሊ «ጁን»ን ማቆሙን ለመጽሔቱ አስታወቀ። ይህን የሰማው ቴዙካ በሌሊት የኢሺኖሞሪን በር አንኳኳ። ለምን እንዲያ እንደጻፈ ለራሱም እንዳልገባው፣ በራሱም እንዳፈረ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ። ያን ጊዜ ቴዙካ በሙያው አናት ላይ ነበር፤ ማንም ያስገድደው ዘንድ አይችልም። «ጁን» ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የቴዙካ ኮከብ አዘቀዘቀ። ሙሺ ፕሮዳክሽን የተባለው፣ ስሙ እንደገና ነፍሳት የሆነው ኩባንያው ከ1963 ጀምሮ «ኃያሉ አቶም»ን በየሳምንቱ በቴሌቪዥን በማቅረብ ዝነኛ ሆኖ ነበር፤ ፊልሙ ግን ከወጪው በታች እየተሸጠ ጉድለቱ በአሻንጉሊትና በሌሎች ሸቀጦች ገቢ ይሸፈናል። እንዲህ ያለ ስሌት እስከ ጊዜው ነው። በኅዳር 1973 ኩባንያው ከሠረ። አንባቢዎችም ጨለማና ሸካራ የሆኑ የአዋቂ ታሪኮችን ወደሚሥሉ ወጣቶች ፊታቸውን አዙረው ነበር፤ ቴዙካ አለፈበት የሚሉ በዙ።

ኩባንያው በከሠረበት በዚያው ወር አንድ ሳምንታዊ መጽሔት ጥቂት እትሞች ፈቀደለት፤ ለስንብት ያህል የታሰበ ነበር። ቴዙካ በወጣትነቱ ያስቀመጠውን የሕክምና ዕውቀት አወጣና «ብላክ ጃክ»ን ጀመረ። ፈቃድ የሌለው፣ ከሀብታም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ፊቱ በስፌት ጠባሳ የተሰነጠቀ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ታሪክ ነው። ስንብት የተባለው ሥራ ለዓመታት ቀጠለ። ከቴዙካ ሥራዎች አንድ ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ሰው ከዚህ ቢጀምር አይቆጭም። እያንዳንዱ ታሪክ ራሱን ችሎ በጥቂት ገጾች ያልቃል፤ ሐኪሙም ሁልጊዜ አያሸንፍም። ትዕግሥት ላለው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የደከመበትና ሳይጨርሰው የሞተው «የእሳት ወፍ» አለ።

ቴዙካ በሆድ ካንሰር ተይዞ ሆስፒታል ተኝቶም መሣሉን አላቋረጠም፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት እንዲሠራ እንዲተዉት ይለምን ነበር። የካቲት 9 ቀን 1989 በ60 ዓመቱ በቶኪዮ ሲያርፍ ከ150 ሺህ ገጽ በላይ ሥዕል ትቶ ነው። ባደገባት ታካራዙካ በ1994 በስሙ ሙዚየም ተከፈተ።

በ1997 ደግሞ አሳሂ ሺምቡን ጋዜጣ ምርጥ ማንጋዎች በየዓመቱ የሚሸለሙበትን የቴዙካ ሽልማት አቋቋመ። በመጀመሪያው ዓመት ታላቁን ሽልማት ያገኘው «ዶራኤሞን» ነበር፤ ፈጣሪው በዓመቱ ቀድሞ አርፏል። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1998፣ ልዩ ሽልማቱ ለሾታሮ ኢሺኖሞሪ ተሰጠ። እርሱም በዚያው ዓመት ጥር ወር ላይ ከዚህ ዓለም ተለይቶ ነበር።