ጆን ሪዝ
ጆን ሪዝ እ.ኤ.አ. በ1889 በስኮትላንድ ከቄስ ቤተሰብ ተወለደ። በመሐንዲስነት ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ በ1922 ስለ ሬዲዮ ሥርጭት ምንም ሳያውቅ የቢ.ቢ.ሲ. ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ሬዲዮ ሕዝብን ማሳወቅ፣ ማስተማርና ማዝናናት እንጂ የነጋዴዎች ትርፍ ማግኛ መሆን እንደሌለበት ያምን ነበር።

በ1926 የብሪታንያ ሠራተኞች አድማ በመቱ ጊዜ፣ ሚኒስትሩ ቸርችል መንግሥት ጣቢያውን እንዲረከብ ፈለገ። ሪዝ ይህን አጥብቆ በመቃወም ጣቢያውን ከመወረስ አዳነ። ሆኖም የመንግሥትን ፈቃድ ተከትሎ የተቃዋሚውን ፓርቲ መሪ ከሬዲዮ ስለ ከለከለ ተወቀሰ።

በ1927 ኩባንያው የሕዝብ ድርጅት ሲሆን የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ሆነ። በ1936 ድርጅቱ የቴሌቪዥን አገልግሎት ጀመረ። ሪዝ በ1938 ሥራውን ለቀቀ፤ በ1971ም ዐረፈ። የሕዝብ ድምፅ ነጻነት በብዙ ትግል እንደሚጠበቅ ታሪኩ ያስረዳል።