ሸርሊ ቴምፕል ከፊልም በኋላ

ሸርሊ ቴምፕል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጠጉሯ የተጠቀለለውን የሆሊውድ ሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ካሊፎርኒያ ተወለደች። ከ1935 እስከ 1938 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ከአዋቂዎቹ ተዋንያን በላይ ገበያ የምትስበው እሷ ነበረች። ስቱዲዮው ዕድሜዋን እንኳ በአንድ ዓመት ቀንሶባት ነበር፤ 12 ሞላኝ ብላ ልደቷን ስታከብር ነው 13 መሆኗን የሰማችው! ማደጉ ግን አልቀረም። ተመልካቹ ቀዘቀዘ፣ እሷም በ22 ዓመቷ ፊልም ተወች።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። በ1967 ለኮንግረስ ተወዳድራ ተሸነፈች። በ1969 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ የአሜሪካ ልዑካን አባል አደረጓት። (ከዚህ በኋላ እንግዲህ አንቱ ልበላቸው።) በ1972 የጡት ካንሰር ያዛቸው። በሽታው በሹክሹክታ በሚወራበት ዘመን ከሆስፒታል ሆነው ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናገሩ፤ ሴቶች ሳይፈሩ ሐኪም ጋ እንዲሄዱም መከሩ። ጋዜጠኝነት ለምንማር ለኛ ይሄ ከፊልሞቻቸው ሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከ1974 እስከ 1976 በጋና አምባሳደር ነበሩ። ፕራግ ደግሞ ሁለት ጊዜ ገጥማቸዋለች። በ1968 የሶቪየት ታንኮች ሲገቡ የነርቭ ሕሙማንን በሚረዳ ማኅበር ሥራ እዚያው ከተማ ነበሩ። በ1989 አምባሳደር ሆነው ሲመለሱ ያ የኮሚኒስት መንግሥት ዓይናቸው እያየ ወደቀ።

በ2014 በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ ብዙዎቹ ዜናዎች ያስቀደሙት ግን ያቺኑ ሕፃን ነው።