ነአኩቶ ለአብና የድሃው ላም

አንዲት ላም ስንት ታወጣለች? አዲስ አበባ ተቀምጦ ለበዓል ቅርጫ ለሚገባ ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው፡፡ ለስንት መደብ እንደምትበቃ ይገመታል፣ ዋጋው ለተካፋዩ ይደርሳል፣ አለቀ፡፡ በላስታ ደጋ፣ የግዳን ወረዳ ከተማ በሆነችው በሙጃ ዙሪያ ለሚኖር ገበሬ ግን ላም ሥጋ አይደለችም፡፡ ወተቷ ለልጆች ነው፤ ቅቤዋ ገበያ ወጥቶ ጨውና በርበሬ ይገዛል፡፡ ዛፍ በተመናመነበት ብርድ አገር ኩበቷ ማገዶ ነው፡፡ ወንድ ጥጃ ከወለደች ደግሞ ነገ የሚጠመድ በሬ ተገኘ ማለት ነው፤ አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ገብሱን ይዘራል፡፡ ያቺን አንዲት ላም የወሰደበት ሰው ከእርሻው፣ ከምድጃውና ከልጆቹ አፍ ላይ ነው የወሰደው፡፡

ይህን ያስነሳኝ ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ በላስታ ምድር የጠፋች አንዲት ላም ናት፡፡ የገበሬው ስም አልተመዘገበም፤ መንደሩም አልታወቀም፡፡ የላሟ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይተረካል፤ ምክንያቱም የተወሰደችው ለንጉሥ ማዕድ ነበር፡፡ ንጉሡም ዛሬ ቤተ ክርስቲያናችን በቅዱስነት የምታስበው ነአኩቶ ለአብ ነው፡፡

ስለ ቅዱስ ሰው ሲጻፍ ከድካሙ መጀመር ያልተለመደ መሆኑን አላጣሁትም፡፡ እኛ ዘንድ የቅዱሳን ታሪክ ሲነገር ልጁ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ፍጹም ሆኖ ይወጣል፤ አንባቢውም አድንቆ፣ ተሳልሞ፣ ወደ ለመደው ኑሮው ይመለሳል፡፡ የነአኩቶ ለአብ ሕይወት ግን በእኔ ዕይታ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር አለው፡፡ እምነት ተወልዶ የሚያድግ፣ ወድቆም የሚነሣ ነገር እንደሆነ ያሳያል፡፡

ከስሙ እንጀምር፡፡ የዛጉዌ ነገሥታት ስም አብዛኛው ጸሎት ነው፡፡ ይምርሐነ ክርስቶስ ማለት ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው፡፡ የላሊበላ ስመ መንግሥት ገብረ መስቀል ነበር፤ የመስቀል አገልጋይ፡፡ የባለቤቱ የመስቀል ክብራ ስም መስቀል ክብሯ እንደሆነ ይናገራል፡፡ ነአኩቶ ለአብ ደግሞ አብን እናመስግነው ማለት ነው፡፡ በቅዳሴያችን ውስጥ አኰቴተ ቍርባን የምንለው፣ ጸሎተ አኰቴት የምንለው ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፡፡ እንግዲህ ይህ ሰው በተጠራ ቁጥር አፉን የከፈተው ሁሉ፣ ወዳጁም ጠላቱም፣ ሳያስበው ምስጋና ያቀርብ ነበር ማለት ነው፡፡

ምስጋናው ግን ስም ብቻ አልነበረም፤ የሚያመሰግንበት በቂ ምክንያት ነበረው፡፡ አባቱ የላሊበላ ወንድም ሐርቤ ነው፤ በስመ መንግሥቱ ገብረ ማርያም፡፡ ገድለ ላሊበላ እንደሚተርከው በሐርቤ ዘመን ላሊበላ ብዙ መከራ ተቀብሏል፡፡ ዙፋኑን ይወርሳል ተብሎ ተፈርቶ በእህቱ እጅ መርዝ ቀርቦለታል፤ ቀድሞ የቀመሰው ዲያቆኑ ሞቷል፡፡ ተሰዷል፣ ተገርፏል፡፡ በኋላ ግን ሐርቤ ተጸጽቶ ዙፋኑን በገዛ ፈቃዱ ለወንድሙ ለቀቀ ይላል ገድሉ፡፡ የላሊበላ ምላሽ ምን ሆነ? የዚያን የአሳዳጁን ወንድም ልጅ እንደ ልጁ አሳደገው፡፡ በብዙ ቤተ መንግሥቶች ታሪክ የተሸነፈ ንጉሥ ልጅ ዕጣው ግዞት ወይም ሰይፍ እንደነበር ለሚያውቅ አንባቢ፣ ይህ ደግነት ምን ያህል እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፡፡ ነአኩቶ ለአብ ደግነትን ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ በልቶት አደገ፡፡

እንግዲህ ትውፊቱ የሚለው እንዲህ ነው፡፡ መስቀል ክብራ ባሏን መከረችው፤ ላሊበላም ገና በሕይወት ሳለ ዙፋኑን ለነአኩቶ ለአብ ለቀቀ፡፡ ከዓለት ቤተ ክርስቲያን የፈለፈለው ንጉሥ በፈቃዱ ዘውዱን አውልቆ ለወንድሙ ልጅ ሰጠ፡፡ ወጣቱም በሮሃ ዙፋን ላይ ተቀመጠ፡፡ የጸሎት ቤት ልጅ ነው፤ ስሙ ምስጋና ነው፤ አሳዳጊዎቹ ቅዱሳን ናቸው፡፡ ከዚህ የተሻለ ንጉሥ ከየት ይመጣል?

የወሎን ታሪክ የጻፉት ጌታቸው መኮንን ሐሰን እንደዘገቡት፣ የንጉሡ ወታደሮች ለግብሩ የሚታረድ ሲፈልጉ አንድ ድሃ ገበሬ ያለችውን አንዲት ላም ነዱበት፡፡ ነገሩ ከመስቀል ክብራ ጆሮ ደረሰ፡፡ ያነገሠችው እርሷ ነበረችና ዝም ማለት ትችል ነበር፡፡ ልጅ ነው ይማራል፣ ወታደር ነው ልማዱ ነው፣ ላም ናት ትተካለች ብላ ማለፍ ትችል ነበር፡፡ አላለፈችም፡፡ ተመልሳ ላሊበላን መከረችው፤ ነአኩቶ ለአብ ከነገሠ ከ18 ወር በኋላ ላሊበላ ወደ ዙፋኑ ተመለሰ፡፡

ሕግ ላጠና ሰው ይህ ትረካ ብዙ ያስተምራል፡፡ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር፣ በአንዲት ላም ንጉሥ ከዙፋን ወረደ እየተባለ ሲነገር ስምንት ምዕተ ዓመት አለፈ፡፡ ያኔ ፍትሐ ነገሥት እንኳ አገራችን አልገባም፤ መጽሐፉ ግብጽ ውስጥ በዐረብኛ የተጠናቀረው በዚያው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነውና፡፡ ዛሬ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ የሚሆንበትን ሁኔታ በዝርዝር ይደነግጋል፡፡ መስቀል ክብራ አንቀጽ አልጠቀሰችም፡፡ በአንተ ስም የተደረገው የአንተ ነው የሚለውን ፍርድ ግን ሰጠች፡፡

ነአኩቶ ለአብ ላሟን አልነዳም፡፡ ምናልባትም ጸሎት ላይ ነበር፡፡ ነገሩን የከፋ የሚያደርገውም ይኸው ነው፡፡ አንድ ሰው በቤተ መቅደስ ቆሞ አብን ሲያመሰግን፣ በስሙ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ደጅ ላይ ድሃ ሊያስለቅሱ ይችላሉ፡፡ ማዕዱ ሲቀርብ ስለ ማዕዱ ይመሰገናል፤ ማዕዱ ከማን ጓሮ እንደመጣ ግን አይጠየቅም፡፡ ያልተጠየቀ ምስጋና እንዲህ ነው፤ ከአፍ ሲወጣ ንጹሕ ነው፣ የገበሬው ቤት ሲደርስ ግን የእንባ ምክንያት ይሆናል፡፡

የታሪክ ሊቃውንት በዚህ ትረካ ላይ ጥያቄ ማንሳታቸው አልቀረም፡፡ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በታተመው ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት በጻፉት መጽሐፋቸው፣ ነገሩ እንደሚባለው በሰላም የተፈጸመ ስለመሆኑ ይጠራጠራሉ፤ በነአኩቶ ለአብና በላሊበላ ቤት መካከል የሥልጣን ሽሚያ እንደነበረና ትውፊቱ ያንን እንደሸፈነው ይገምታሉ፡፡ ሊሆን ይችላል፡፡ እኔን የሚገርመኝ ግን ሕዝቡ ሽፋን አድርጎ የመረጠው ነገር ነው፡፡ ንጉሡ የወረደው በጦር ስለተሸነፈ ነው አላለም፤ በኮከብ ወይም በሕልም ነው አላለም፡፡ በድሃ ላም ነው አለ፡፡ የላስታ ገበሬ መንግሥትን የሚመዝንበት ሚዛን ይህ ነበር ማለት ነው፡፡ ሚዛኑም አላረጀም፡፡ ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 አሥራት ሲደነግጉ አንዱ ምክንያታቸው ወታደር በገበሬ ጓዳ እየገባ መኖሩን ለማስቀረት ነበር፤ ከነአኩቶ ለአብ ስድስት መቶ ዓመት አልፎም ላሟ ገና አልተመለሰችም ነበር፡፡ ከዚያም ወዲህ ቢሆን ጦር ባለፈበት የአገራችን መንደር ሁሉ ምን እንደሚወራ አንባቢ ያውቀዋል፡፡

ከዙፋኑ የወረደው ሰው ምን ሆነ? የታሪኩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው፡፡ ሌላ ሰው ቢሆን ሠራዊት ይሰበስባል፤ ባይሳካለት እንኳ እኔ ባላደረግሁት ተፈረደብኝ እያለ ሲያማርር ይኖራል፡፡ ምክንያትም ነበረው፡፡ ትውፊቱ ግን ስለ ነአኩቶ ለአብ የሚነግረን ስለ ጸሎቱ ነው፡፡ ከላሊበላ በኋላ ዳግመኛ ነገሠ፤ ሆኖም ቤተ ክርስቲያን የምታስበው በንጉሥነቱ ሳይሆን በዓርብ ዕለት እንባው ነው፡፡ በየሳምንቱ ዓርብ የጌታን ሕማም እያሰበ ይሰግድ ነበር፤ ዙሪያውንም ጦር ተክሎ በሰገደ ቁጥር ይወጋው፣ ደሙም ይፈስ ነበር ይባላል፡፡ ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ያቺ ላም ናት፡፡ ላሟን የነዱት ባለ ጦሮች ነበሩ፡፡ ንጉሡ በኋላ ጦሩን ወደ ገበሬው ሳይሆን ወደ ራሱ አዞረው፡፡ ይህ ማያያዝ የእኔ ነው፤ ገድል ላይ አይፈለግ፡፡

ሥራውም ከጸሎቱ ጋር ይሄዳል፡፡ ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ተራራው ላይ ያለችው አሸተን ማርያም ላሊበላ ጀምሯት እርሱ እንደፈጸማት ይነገራል፡፡ ሌላው የጀመረውን መጨረስ ራሱ አንድ የትሕትና ዓይነት ነው፤ በአገራችን አዲስ የመሠረት ድንጋይ የሚጥል እንጂ የሌላውን ጅምር የሚጨርስ ባለሥልጣን ስንት አይተናል? በስሙ የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከላሊበላ ወጣ ብሎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ ተሠርቶ ይገኛል፡፡ ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥር የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፤ ምእመናንም እንደ ጸበል ይወስዱታል፡፡ ትውፊቱ ውኃውን ከንጉሡ እንባ ጋር ያያይዘዋል፤ እርሱ ያለቀሰበት ዋሻ ከእርሱ በኋላ ስለ እርሱ ያለቅሳል ይላል፡፡

ፍጻሜውን በተመለከተ አንዱ ትውፊት በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት ዙፋኑን በፈቃዱ ለይኩኖ አምላክ እንደለቀቀ ይተርካል፡፡ ሌላው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ የጣለው የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ የላሊበላ ልጅ ይትባረክ እንደነበረ ያስረዳል፡፡ ቤተ ክርስቲያን ነአኩቶ ለአብን ኅዳር 3 ቀን ታስበዋለች፤ ሞተ አትልም፣ ተሰወረ ትላለች፡፡ ከይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከሐርቤና ከላሊበላ ጋርም ከአራቱ ቅዱሳን ነገሥታት አንዱ አድርጋ ትቆጥረዋለች፡፡

እንግዲህ ወደ እኛ እንመለስ፡፡ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ አብዛኛው ንጉሥ አይደለም፤ ወታደር የሚያሰማራም አይደለም፡፡ ነገር ግን አብዛኞቻችን በስማችን የሚናገር ሰው አለን፡፡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ጸሐፊ አለው፣ ዳኛ መዝገብ ቤት አለው፣ ሐኪም ተራ አስከባሪ አለው፣ ድርጅት ያለው ዘበኛ አለው፣ ቤት ያለው የቤት ሠራተኛ አለው፡፡ ጠዋት ኪዳን አስቀድሰን፣ ተመስገን ብለን ቢሮ ስንገባ፣ በራችን ላይ አንድ ጡረተኛ ነገ ይመለሱ እየተባለ ለአራተኛ ጊዜ ይመለስ ይሆናል፡፡ እኛ አላልነውም፡፡ ነአኩቶ ለአብም ላሟን ንዱ ስለማለቱ የሚነግረን የለም፡፡

እምነታችንን ለማሳደግ ብዙዎቻችን ትልቅ ነገር እንጠብቃለን፤ ተአምር፣ ራእይ፣ ሩቅ ገዳም፡፡ የዚህ ሰው ሕይወት የሚያሳየን መንገድ ግን ቅርብ ነው፡፡ ምስጋና ከሆነ፣ ያመሰገንንበት ነገር ከማን እንደመጣና ማን እንደጎደለበት እንጠይቅ፡፡ ደግነት ከሆነ፣ በእጃችን ከምንሰጠው ምጽዋት በፊት በስማችን የሚወሰደውን እናስቁም፡፡ ጸሎት ከሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ስለ ጎደለን ነገር መለመኑን አቁመን ስለ በደልነው ሰው እንቁም፡፡ ተሳስተን ከተነገረን ደግሞ፣ የነገረን ሰው ያሳደገን ቢሆንም ባይሆንም፣ እንስማው፡፡ ነአኩቶ ለአብ ከዙፋን በወረደበት ጊዜ ቅዱስ አልተባለም፡፡ ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ ዓርቦች ነው ቀስ በቀስ የሆነው፡፡

ያ ስሙ ያልታወቀ ገበሬ ላሙ ተመልሳለት እንደሆነ ትውፊቱ አይነግረንም፡፡ የዛሬዎቹን መመለስ ግን የእኛ ፈንታ ነው፡፡ ለዚህ ልቡና ይስጠን፡፡