ሆልባይን፣ ንጉሡና የቅጂ ውለታ

በአንድ ወዳጄ ሳሎን ውስጥ የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ተሰቅሏል። እግሮቹን አንፈራጦ፣ ትከሻውን አስፍቶ፣ ወደ ቤት ከሚገባው ሰው ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ቆሟል። በሸራ ላይ በዘይት ቀለም በእጅ የተሣለ ቅጂ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ፎርጅድ ንጉሥ ብዬ ቀለድኩ። ወዳጄ ቅር ሳይለው ኦሪጂናሉ የት እንዳለ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ መጻሕፍት ሳገላብጥ ነገሩ ወደ ሠዓሊው ሕይወት ወሰደኝ፤ ቀልዴንም አስዋጠኝ።

ሠዓሊው ሃንስ ሆልባይን ይባላል፤ እንግሊዛዊ አይደለም። በ1497 ወይም በ1498 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በጀርመኗ አውግስበርግ ከተማ ተወለደ። የአባቱ ስምም ሙያም ከእሱ ጋር አንድ ስለነበር ታሪክ ልጁን ታናሹ ሆልባይን ይለዋል። በ1515 ወደ ባዝል ሄዶ ሥራ ጀመረ፤ አገባ፣ ወለደ። ይሁን እንጂ የሃይማኖት ተሐድሶው ማዕበል ሲነሳ ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያሠራው ሰው አነሰ፤ የሠዓሊም እንጀራ ቀጠነ። በ1526 ታላቁ ሊቅ ኢራስመስ የድጋፍ ደብዳቤ አስይዞት ወደ እንግሊዝ ተሻገረ።

ለንደን ላይ ያስጠጋው ቶማስ ሞር ነበር። ሆልባይን ሞርን ከነቤተሰቡ በትልቅ ሸራ ላይ ሣላቸው። ያ ሥዕል ዛሬ የለም። በ1752 በሞራቪያ ክሮምየርዥ በሚገኝ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቃጥሏል። ቤተሰቡ እንዴት ተሰብስቦ እንደተቀመጠ የምናየው ሆልባይን ራሱ ከነደፈው ንድፍና ሮውላንድ ሎኪ የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ በ1590ዎቹ ከገለበጣቸው ቅጂዎች ነው።

ሆልባይን በ1528 ወደ ባዝል ተመለሰ። በዓመቱ የከተማዋ ሕዝብ ሥዕል ጣዖት ነው ብሎ ከአብያተ ክርስቲያናቱ እያወጣ ሰባበረ፣ አቃጠለም። በ1532 ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ እንደገና ለንደን ገባ። በዚህ ጊዜ የጠበቀው አገር ግን የቀድሞው አልነበረም። ንጉሡ ሚስቱን ለመፍታት ሲል ከሮም ጋር ተጣልቷል። በ1535 ሞር አንገቱ ተቀላ፤ በማግስቱ ዓመት ንግሥት አን ቦሊን ተከተለች። ሆልባይን ግን ባለውለታዎቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ እሱ ከወደቁት ጋር አልወደቀም። በ1536 በዓመት 30 ፓውንድ የሚከፈለው የንጉሡ ሠዓሊ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን ጥበብ እንበለው አድርባይነት፣ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ዝናውን ያጸናው ሥራ በ1537 መጣ። በኋይትሆል ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ ሄንሪን፣ ሦስተኛ ሚስቱን ጄን ሲይሞርን፣ አባቱንና እናቱን ሣለ። አሠራሩ የሚገርም ነው። መጀመሪያ ምስሉን በትክክለኛው መጠን በተቀጣጠለ ወረቀት ላይ ይነድፋል። ከዚያ መስመሮቹን ተከትሎ ወረቀቱን በመርፌ ይበሳሳል። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጥፎ የከሰል ዱቄት ሲነፋበት ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ምስሉን ግድግዳው ላይ ያትመዋል። እኔ የናቅኩት ግልበጣ በራሱ በጌታው እጅ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ግድግዳው በጃንዋሪ 1698 ከቤተ መንግሥቱ ጋር በእሳት ወደመ። ወዳጄ የጠየቀኝ ኦሪጂናል አመድ ሆኗል። የተረፈው ግማሹ የወረቀት ንድፍ ሲሆን፣ ዛሬ በለንደኑ ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ ይገኛል። በንድፉ ላይ ግን የሄንሪ ፊት ትንሽ ዘወር ብሏል። ንጉሡ በመጨረሻ ፊት ለፊት እያፈጠጠ እንደተሣለ የምናውቀው ከቅጂዎቹ ነው። ከእነሱም አንዱን ሬሚጊየስ ቫን ሊምፑት በ1667፣ ማለትም ከቃጠሎው 31 ዓመት በፊት፣ በንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ትእዛዝ ሠርቶታል። ታማኝነታቸውን ለማሳየት የንጉሡን ምስል ያስገለበጡ መኳንንትም ነበሩ። ያ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ግርማ ከትውልድ ትውልድ የተሻገረው በስማቸው በማይታወቅ ገልባጮች እጅ ነው።

የሆልባይን ሙያ አደገኛም ነበር። በ1539 ንጉሡ ለማግባት ያሰባትን አን ኦፍ ክሊቭስን እንዲሥል ወደ ጀርመን ተላከ። ሥዕሉ አሁን በፓሪስ ሉቭር አለ። ሄንሪ ሴትየዋን በአካል ሲያያት ግን አልወደዳትም፤ በጃንዋሪ 1540 የተፈጸመው ጋብቻ በስድስት ወሩ ፈረሰ። ጋብቻውን ያመቻቸው ቶማስ ክሮምዌልም በጁላይ ተሰየፈ፤ ለውድቀቱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ባይሆንም። ሠዓሊው ከቅጣት ተረፈ።

የተረፈው ግን ለጥቂት ጊዜ ነው። በኦክቶበር 1543 ኑዛዜውን ጽፎ ኅዳር ሳይወጣ ለንደን ውስጥ አረፈ። በኑዛዜው ለንደን ውስጥ ለወለዳቸው ሁለት ሕፃናት ማሳደጊያ እንዲሰጥ አዟል፤ የባዝሏ ሚስቱ ግን አልተነሳችም። የት እንደተቀበረ አይታወቅም። ያን ያህል ሰው ፊቱ እንዳይረሳ ያደረገ ሰው መቃብሩ ጠፋ።

ዛሬ በእጅ የተሣለ ሄንሪ የፈለገ ሰው ከቻይናዋ ዳፈን መንደርም ቢሆን ማሠራት ይችላል። ቅጂን ኦሪጂናል ነው ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ቅጂ መሆኑ ታውቆ በትጋት የተሠራ ሥዕል ግን ማስታወሻ ነው። እሳት ሲነሳ የትኛው እንደሚተርፍ ማን ያውቃል? ባለፈው ሳምንት ወዳጄ ዘንድ ስሄድ ንጉሡን ቆም ብዬ አየሁት። ከዚያ በኋላ ፎርጅድ ብዬው አላውቅም።