አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም

አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም (1853–1916 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ የቋንቋና የታሪክ ሊቅ ነበሩ። ይበልጥ የሚታወቁት «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» በተባለው መጽሐፋቸው ነው።

በበጌምድር፣ ይፋግ አካባቢ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው በአቅራቢያዋ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። «መጽሐፈ ሰዋስው» የተባለው ሥራቸው በ1889 ዓ.ም. እዚያው ታተመ። የግዕዝ ሊቅ ቢሆኑም ከሚሲዮኑ ባገኙት እምነት የተነሳ በካህናት ተከስሰው ታስረዋል። ይሁን እንጂ ዳግማዊ ምኒልክ ዕውቀታቸውን ያከብሩ ነበር፤ በ1898 ዓ.ም. ወደ በርሊን ሄደው አማርኛ አስተማሩ፤ የአገሪቱንም ታሪክ እንዲጽፉ ታዘዙ። ሰፊው የታሪክ ሥራቸው በሕይወት ሳሉ አልታተመም። አጭሩ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» ግን በ1914 ዓ.ም. ለኅትመት በቃ። እሳቸው ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ።

መጽሐፉና ክርክሩ

መጽሐፉ ደጋግሞ ታትሞ ብዙ ተማሪ የአገሩን አመሠራረት ያወቀበት ሆነ። አለቃ ታዬ ትረካቸውን ከኖኅ ልጆች ይጀምራሉ፤ የዮቅጣን ዘሮች የሆኑት አግዓዝያን ከየመን ባሕር ተሻግረው እንደመጡ ይተርካሉ፤ ለየሕዝቡም የመጣበትን አገር ይፈልጉለታል። ነገሥታትን ብቻ ሳይሆን ሕዝቦችን ርእስ ማድረጋቸው በዘመኑ አዲስ ነገር ነበር። ችግሩ፣ በዚህ አተራረክ አገሪቱን የመሠረተው ከውጭ የመጣው ሆኖ መቅረቡ ነው።

ይህ አሳብ በተለይ በአገው ምድር ጥያቄ ያስነሳል። የዳንግላና የእንጅባራ አዊዎች የሚናገሩት አውንጊ የኩሽ ቋንቋ ነው። ሮበርት ሄትዝሮን በ1961 ዓ.ም. ስለ ግሡ መጽሐፍ አሳትመዋል። አማርኛ እንደ ግዕዝ ሳይሆን ግሡን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ማስቀመጡን ሊቃውንት ከአገውና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች ተጽዕኖ ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ «መጤ» የተባለው ቋንቋ ራሱ የነባሩን አሻራ ይዟል ማለት ነው። የዛጔ ነገሥታትም አገው ነበሩ፤ ሆኖም የክብረ ነገሥትን የዘር ሐረግ የተከተሉ ጸሐፍት ዙፋን ቀሚ አድርገው ያቀርቧቸዋል።

የሰባት ቤት አገው አፈ ታሪክም በበኩሉ ስለ ፍልሰት ይናገራል፤ አባቶቹ መጡ የሚላቸው ግን ባሕር ተሻግረው ሳይሆን ከላስታና ከዋግ ነው። ዛሬ በአዊ ዞን አውንጊ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል።