ዓለምን መኪና ላይ ያወጣው፣ ገበያው የቀደመው ሄንሪ ፎርድ

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ከዲትሮይት ከተማ ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1863 ከገበሬ ቤተሰብ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። አባቱ ዊልያም ፎርድ ከአየርላንድ የፈለሰ አራሽ ነበር፤ ምኞቱም ልጁ ማሳውን ተረክቦ እንዲያርስ ነው። የሄንሪ ልብ ግን ከማሳው ይልቅ ወደ ብረት አደላ። የጎረቤቶቹን የተበላሹ ሰዓቶች እየፈታ ይጠግን ነበር። እናቱን በሞት ባጣበት በ1876፣ ከአባቱ ጋር በሠረገላ ሲጓዝ፣ ያለ ፈረስ በራሱ ኃይል መንገድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት ሞተር አየ። ያ ቀን ከአእምሮው ሳይጠፋ ኖረ።

በ16 ዓመቱ ቀዬውን ትቶ ዲትሮይት ገባና የብረታ ብረት ሙያ ተማረ። አባቱ መሬት ሰጥቶ ወደ ገጠር ሊመልሰው ቢሞክርም፣ እርሱ ከማረስ ይልቅ የመሬቱን ዛፍ እየቆረጠና እየሰነጠቀ ጣውላ ይሸጥ ጀመር። በ1891 በኤዲሰን የመብራት ኩባንያ ተቀጠረ። ማታ ማታ ከቤቱ ጓሮ ባለች ጎጆ ሲቀጠቅጥ ቆይቶ፣ በ1896 የመጀመሪያዋን ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ ሠራ። ሊያወጣት ሲል በሩ ጠበበ፤ የጎጆዋን የጡብ ግድግዳ አፍርሶ አወጣት።

ከዚያ በኋላ የተሳተፈባቸው ሁለት ኩባንያዎች አልሰመሩለትም። ከሁለተኛው ጥሎ ሲወጣ፣ የቀሩት ባለ አክሲዮኖች ድርጅቱን ካዲላክ ብለው ሰየሙት፤ ይህ ስም ኋላ ላይ ከተፎካካሪው ሰፈር ይጠብቀዋል። በ1903 በ28 ሺህ ዶላር የተከፈለ ካፒታል ፎርድ ሞተር ኩባንያ ተቋቋመ።

መንገዱ ግን ክፍት አልነበረም። ጆርጅ ሴልደን የተባለ የሕግ ባለሙያ በ1895 በነዳጅ ሞተር ለሚሄድ ተሽከርካሪ የባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። በዚህ መብት ዙሪያ የተሰባሰቡ አምራቾች ክፍያ እየተቀበሉ ለመረጡት ብቻ ፈቃድ ይሰጡ ነበር፤ ፎርድን ግን ገሸሽ አደረጉት። እርሱም ያለ ፈቃድ መሥራቱን ቀጠለ፤ ተከሰሰ፤ በ1909 ተረታ። ይግባኝ ብሎ በ1911 አሸነፈ። በዚህ ፍርድ የመኪና ሥራ ለማንኛውም ደፋር ክፍት ሆነ፤ ገዥውም የሚያማርጥበት ዘመን ተቃረበ። በሩን የከፈተው እርሱ ራሱ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

በ1908 ሞዴል ቲ የተሰኘችው መኪና በ850 ዶላር ለገበያ ቀረበች። ከመሬት ከፍ ያለች፣ ጭቃና ኮረኮንች የማትፈራ፣ ብትበላሽ ገበሬው በመዶሻና በመፍቻ የሚጠግናት ነበረች። የገጠሩ ሰው ቤተሰቡን ወደ ከተማ ይወስድባታል፤ ሲመለስ የኋላ ጎማዋን በክሪክ አንሥቶ፣ ከማሽን ጋር በቺንጋ አያይዞ እንጨት ይሰነጥቅባታል፣ ውኃ ይስብባታል፣ በቆሎ ይፈለፍልባታል። በ1913 ፎርድ ተንቀሳቃሽ የመገጣጠሚያ መስመር ሲዘረጋ፣ የአንድ መኪና የታችኛውን አካል መገጣጠም ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጅ የነበረው ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። በማግሥቱ ዓመት የሠራተኛው የቀን ገቢ 5 ዶላር፣ የሥራው ሰዓት 8 እንዲሆን ወሰነ። ዋጋው እየወረደ ሄዶ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ደረሰ። በዚያ አሥር ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ከሚሸጡት መኪኖች ግማሽ ያህሉ የፎርድ ነበሩ።

ችግሩም ከዚሁ ስኬት ተወለደ። ፎርድ ሕዝቡ የሚሻው አንድ ነገር፣ ርካሽነት ብቻ ነው ብሎ አመነ። ከ1914 እስከ 1925 መኪናዋ የምትሸጠው በጥቁር ቀለም ብቻ ነበር። ገበያው ግን ሌላ መልክ ይዟል። አብዛኛው ቤተሰብ የመጀመሪያ መኪናውን ገዝቶ ሁለተኛውን ያማርጥ ጀምሯል። ርካሽ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ያገለገለ የተሻለ መኪና ያገኛል፤ የፎርድ አዲስ መኪና ከሌሎች አሮጌ መኪኖች ጋር መጋፋት ግድ ሆነባት።

ይህን ቀድሞ ያየው አልፍሬድ ስሎን ነው። በ1923 የጄኔራል ሞተርስ ፕሬዚዳንት የሆነው ይህ ሰው፣ ከዝቅተኛው ሸቭሮሌ እስከ ውዱ ካዲላክ ድረስ ለየኪሱ የሚሆን መሰላል ዘረጋ። ቀለሙን አበዛ፤ ከዝናብና ከብርድ የሚከልል ዝግ አካል አቀረበ፤ መልኩን በየጊዜው አደሰ። ገዥው አሮጌውን አስረክቦ፣ ቀሪውን በየወሩ እየከፈለ አዲሱን ይዞ ይሄዳል። ዕዳን አጥብቆ የሚጠላው ፎርድ በበኩሉ በ1923 ያመጣው መላ፣ ደንበኛው በየሳምንቱ 5 ዶላር እያስቀመጠ ሙሉ ዋጋው ሲሞላ መኪናውን እንዲረከብ የሚል ነበር። ገበሬ አባቱ ቢሰማው ይወደው ይሆናል፤ ገዥው ግን መጠበቅ አልወደደም።

ምክር የለገሱት አልጠፉም። ኧርነስት ካንዝለር የተባለው የኩባንያው ኃላፊ በ1926 መጀመሪያ ሞዴል ቲ መተካት እንዳለባት በጽሑፍ አሳሰበ፤ ወራት ሳይቆይ ከሥራ ተሰናበተ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የአንድ ልጁ የኤድሰል ነገር ነው። ኤድሰል ከ1919 ጀምሮ በስም ፕሬዚዳንት ቢሆንም ቃሉ በአባቱ ፊት አይጸናም ነበር። አባቱን እምቢ ብሎ ከማሳ የወጣው ሰው፣ ልጁ በተራው የተለየ ሐሳብ ሲያመጣ መታገሥ አቃተው።

ሽያጩ ሲያሽቆለቁል ፎርድ እጁን ሰጠ። በግንቦት 1927፣ ከ15 ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ፣ ሞዴል ቲ ቆመች። ተተኪዋ አስቀድሞ ስላልተዘጋጀ ምርቱ ለወራት ተቋርጦ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ያለ ደመወዝ ቀረ። በዚያው ዓመት ሸቭሮሌ መሪነቱን ወሰደ። በታኅሣሥ የወጣችው ሞዴል ኤ በመልኳ የኤድሰል እጅ ያረፈባት፣ በአማራጭ ቀለማት የቀረበች ነበረች፤ በ1928 ኩባንያው የዱቤ ድርጅትም አቋቋመ። ፎርድ እምቢ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ተቀበለ። ይሁንና ያን ጊዜ ክራይስለር በፕሊማውዝ ሦስተኛ ተፎካካሪ ሆኖ መጥቶ ነበር፤ የብቻ ዘመን አልተመለሰም።

ስሙን ያጎደፉ ሥራዎችም አሉት። ጋዜጣው በ1920ዎቹ በአይሁድ ላይ የጥላቻ ጽሑፎችን ሲያወጣ ከርሞ፣ በ1927 ይቅርታ ጠይቋል። በ1937 የኩባንያው ጠባቂዎች የሠራተኛ ማኅበር አደራጆችን በአደባባይ ደብድበዋል።

ኤድሰል በ1943 በካንሰር ሕመም አረፈ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው አባት የኩባንያውን ወንበር መልሶ ያዘ፤ በ1945 ለልጅ ልጁ ለሄንሪ ሁለተኛ አስረከበ። ሚያዝያ 1947 ሩዥ ወንዝ ሞልቶ በቤቱ መብራት ተቋርጦ ነበር። የመብራት ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ፎርድ በዚያች ሌሊት በ83 ዓመቱ፣ በሻማና በኩራዝ ብርሃን፣ ባለቤቱ ክላራ ከጎኑ ሆና አረፈ።