አበበ ጫማ አጥቶ አልነበረም

እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ የለም። ብዙ ሰው ግን ጫማ አጥቶ ይመስለዋል። አይደለም። ነገሩ ስሌት ነበረበት፤ ዛሬ የምነግራችሁም እሱን ነው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች ናቸው፤ እዚህ የለመድነው ያንን ነው።)

አበበ በ1932 መንዲዳ አጠገብ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አድጎ ክቡር ዘበኛ ገባ። እዚያ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሰልጣኝ አገኘው። ጉልበቱና ትንፋሹ ከአገሩ ነው፤ ኒስካነን የጨመረለት ሥርዓቱን ነው። ረጅም ሩጫን ከአጭርና ፈጣን ሩጫ ጋር እያፈራረቀ፣ በሰዓት እየለካ አሠራው።

ሮም በ1960 ሲሄድ የተገዛለት አዲስ ጫማ አልተስማማውም፤ እግሩን አቆሰለው። ቀኑን ሙሉ ቆመን የምንውል ሰዎች የማይሆን ጫማ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን መቼም! በባዶ እግሩ ግን ተለማምዷል። ባዶ እግር የሚሮጥ ሰው እርምጃውን ያሳጥራል፣ ተረከዙን መሬት ላይ አይደበድብም። ስለዚህ ጫማውን ተወው።

ውድድሩ ሙቀቱን ሽሽት ወደ ማታ ነበር። በ2019 እዚሁ ዶሃ፣ ኮርኒሽ ላይ ማራቶኑ በእኩለ ሌሊት የተሮጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ የወጡበት። አበበ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደው ጣሊያን ከእኛ ወስዳ ባቆመችው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ነው። ቦታውን አስቀድመው ከአሰልጣኙ ጋር መርጠውት ነበር። 2፡15፡16 ገባ፤ የዓለም ፈጣን ሰዓት ሆነ።

ታዲያ ባዶ እግር ይሻላል ብሎ ቀረ? አልቀረም። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ ያውም ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ። 2፡12፡12! ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ከገባ በኋላ ሜዳው ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም ጉድ አለ። በ2023 በርሊን ላይ ትዕግስት አሰፋ ሶሉ ወፍራም፣ ክብደቱ ግን ላባ በሚመስል ጫማ 2፡11፡53 ስትገባ፣ አንዲት ሴት ልጅ ከቶኪዮው አበበ ሰዓት በልጣ ገባች ማለት ነው። ልምምዱም፣ ጫማውም፣ አበላሉም ያን ያህል ተለውጧል።

በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደው። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። በዚያ እግር ታዋቂ የሆነ ሰው ይህ ሲደርስበት አስቡት።

እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። እዚያም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ማነጣጠርና የጠረጴዛ ቴኒስ ከሀ ጀመረ። ትከሻውና ክንዱ የእግሩን ሥራ ተረከቡ። በ1970 በነዚሁ ተወዳደረ። በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። በረዶ ላይ! የጃቶ ልጅ!

ኦክቶበር 25 ቀን 1973 በ41 ዓመቱ አዲስ አበባ አረፈ።